አምባዛ ያለ ጎርፍ ያስወለድሁበት ክረምት

ስለ ዓሣው ከማውራቴ በፊት ስለ ራሴ ልናገር፤ የሚያወራላችሁ ማን እንደሆነ ካላወቃችሁ ነገሩ አይጥማችሁም። እኔ በፎገራ ሜዳ ተወልጄ እዚያው ያረጀሁ፣ ከወረታ ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ርቄ የምኖር ገበሬ ነኝ። አስተማሪ የለኝም። ፊደል የለየሁት ከማዳበሪያ ከረጢት ላይ ነው። የውሃ መሳቢያ ሞተር መጀመሪያ ፈትቼ ስገጥም ማንም አላሳየኝም፤ ያን ቀን የተረፉኝን ሁለት ብሎኖች እስከ ዛሬ አስቀምጫቸዋለሁ፣ ሞተሩ ያለ እነሱም ይሠራል። የሩዝ መፈልፈያው ሲቆም የተማሩት ሰዎች ዙሪያውን ከበው «ቆይ፣ ሽማግሌው ይምጡ» ይባባላሉ። ላምና በሬ በመርፌ መውጋትም አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ነበርሁ፣ የዓሣ ኩሬዬን ስቆፍር።

መሬቱ የባለቤቴ ነው። ከአባቷ የወረሰችው፣ ከማሳችን ሁሉ ጭቃው የሰባ፣ ለሩዝ የተፈጠረ መሬት። ለምኜ ለምኜ ጥጉን ሰጠችኝ። በገዛ እጄ ቆፈርሁ፣ ግድቡን ደልድዬ ሣር አለበስሁ፣ ከጉማራ ወንዝ የአምባዛ ጫጩት አምጥቼ ጨመርሁ። አደጉ፣ ወፈሩ፣ እንደ ክንዴ ሆኑ። ግን አይወልዱም። በየዓመቱ ሌላ ጫጩት ፍለጋ ወንዝ ለወንዝ እዞራለሁ፣ እሱም እየጠፋ ሄደ። ጎረቤቶቼ ኩሬውን «የሽማግሌው መዋኛ» ማለት ጀመሩ።

ሰኔ ሲገባ ባለቤቴ ግድቡ ላይ ቆማ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«አንተ ሰውዬ፣ ይህ ኩሬህ መካን ከሆነ መሬቴን መልስልኝ።»

«ይወልዳል አልሁሽ።»

«እሺ። የሩዜ ችግኝ ለተከላ እስኪደርስ እጠብቅሃለሁ። ያን ቀን ጫጩት ካላሳየኸኝ ግድቡን በደቦ አስንጄ ሩዜን እተክልበታለሁ።»

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ችግኙን ያፈላችው ሆን ብላ ከኩሬው ጎን ነው። ጠዋት ጠዋት ዓሣዬን ለማየት ስወጣ ያ አረንጓዴ መደብ ከትናንቱ ረዝሞ ይጠብቀኛል።

ዘዴውን ቀደም ብዬ ሰምቼው ነበር። ከሌላ ዞን ተመድባ ወረታ የመጣች አንዲት የዓሣ ባለሙያ አለች፤ ቦት ጫማዋን አድርጋ ጭቃ ውስጥ ከእኔ እኩል የምትገባ ሴት። በግንቦት መጥታ አንዷን አምባዛ አንሥታ ሆዷን ዳሰሰችና «አባባ፣ እነዚህ ዕንቁላል አላጡም፤ ይንኩት፣ ሞልቷል። የሚጠብቁት ጎርፍ ነው» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በክረምት ወንዙ ሲሞላ አምባዛ ወደ ተጥለቀለቀው ሜዳ ወጥታ ዕንቁላሏን ትጥላለች። ጊዜው መድረሱን የምትነግራት ከአንጎሏ ሥር ያለች አንዲት ዕጢ ናት፤ ሆርሞን የሚባለውን ነገር ለቅቃ ነው የምትነግራት። ኩሬ ውስጥ ጎርፍ ስለማይመጣ ዕጢዋ ዝም ትላለች። የሌላ አምባዛ ዕጢ አውጥተህ፣ ፈጭተህ፣ በጨው ውሃ በጥብጠህ ብትወጋት ግን ጎርፍ የመጣ ይመስላታል።

ዕድሜዬን ሙሉ የጉማራን ጎርፍ ስፈራ ኖሬአለሁ፤ ጎተራዬን ወስዷል፣ በሬዬን ወስዷል። ያ ሁሉ ጉልበት ለአምባዛ የሚነገራት የሰሊጥ ፍሬ በምታክል ነጭ ነገር ነው! ፈጣሪ ሲሠራ እንዲህ ነው የሚሠራው።

ባለሙያዋ የታተመ መመሪያ ሰጥታኝ ለሥራ ወደ ሌላ ወረዳ ሄደች። ሁለት ጊዜ አነበብሁትና ሌላ ሰው እንደማያስፈልገኝ ወሰንሁ። ዕጢውን ቀድሜ ለማከማቸት ወረታ ገበያ ዓሣ ከሚበልቱት ሴቶች ዘንድ እየሄድሁ የአምባዛ ራስ ለመንሁ።

«አባባ፣ ዛሬም ራስ ብቻ?» ትላለች አንዷ።

«ራስ ብቻ።»

«ምነው፣ ሥጋውን ጥርስዎ እምቢ አለ?»

«እኔ የምፈልገው አንጎሉን ነው።»

«ውይ! የራስዎ አለቀ እንዴ?»

ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ላንቃውን በቢላ ከፍቼ ዕጢዋን ሳትፈርስ በወረንጦ ሳወጣ ግን ሳቁን ትተው አንገታቸውን አስግገው ያዩኝ ነበር።

መመሪያው ዕጢው በንጹህ አልኮል ይቀመጥ ይላል። ቤት ውስጥ ባለቤቴ ለማኅበር ያስቀመጠችው፣ ሁለት ጊዜ የወጣ ዳግም አረቄ ነበር። ክብሪት ጭሬ ሞከርሁት፤ በሰማያዊ ነበልባል ነደደ። ከዚህ በላይ ንጹህ ከየት ይመጣል ብዬ አንድ ጠርሙስ ወሰድሁና ዕጢዎቼን ዘፈዘፍሁበት።

ሐምሌ ሲብት ከእንስቶቹ አንዷን አወጣሁ። ዓይኗን በርጥብ ጨርቅ ሸፍኜ፣ ከአረቄው ያወጣሁትን ዕጢ ፈጭቼ፣ ጀርባዋ ሥጋ ላይ ወጋኋት። ማታ ሆዷን ብጫን ምንም የለም። በማግሥቱም ምንም የለም። ችግኙ ደግሞ ደርሷል፤ ባለቤቴ ለረቡዕ ደቦ ጠርታለች። ያን ቀን እሑድ ነበር። ምሳ ቀርቦልኝ ሳለ የዕጢዎቹን ጠርሙስ አንሥቼ አገላብጥ ጀመር።

እሷ በዚህ መሐል ጓዳ ገብታ ወጣች።

«አረቄዬ ወዴት ሄደ?»

ልደብቃት ብል አያዋጣኝም። «ዕጢ ዘፍዝፌበታለሁ።»

«የምን ዕጢ?»

«የአምባዛ።»

«በማኅበሩ አረቄ?» ጠርሙሱን ነጥቃኝ ወደ ብርሃን አነሣችው። እቆጣለሁ ብላ የተነሣች ሴት ቁጣዋን ትታ የተዘፈዘፈውን አስተዋለች። «እስቲ ንገረኝ፤ ነጭ ሽንኩርት አረቄ ውስጥ የምዘፈዝፍልህ ለምንድን ነው?»

«ለጉንፋኔ።»

«ሲከርም የምትጠጣው አረቄውን ነው ሽንኩርቱን?»

«አረቄውን።»

«ሽንኩርቱንስ?»

«ይጣላል እንጂ፤ ኃይሉ ወጥቶ...»

«ታዲያ ዓሣይቱን የወጋሃት በአረቄው ነው በሽንኩርቱ?»

ተነሥቼ ወጣሁና ግድቡ ላይ ተቀመጥሁ። ፊደል የማትለይ ሴት፣ እኔ ሁለት ጊዜ አንብቤ ያላየሁትን ከጓዳዋ አየችው። ባለሙያዋ በኋላ ስትመለስ ይህንኑ አረጋገጠችልኝ፦ አረቄ የቱንም ያህል ቢነድ ውሃ አለበት፣ ውሃው የሆርሞኑን ኃይል መጥጦ ያስቀረዋል። ሰው ሲያርመኝ አልወድም፤ ያን ቀን ግን በባለቤቴ ኮራሁ። እሷን የመረጥሁትም እኔው ነኝ።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ወረታ ደረስሁ። ገና ያልደረቀ፣ ያን ጠዋት የተያዘ የአምባዛ ራስ አግኝቼ በባጃጅ ተመለስሁ። ዕጢውን ወዲያው አውጥቼ፣ ፈጭቼ፣ ሁለተኛዋን እንስት ወግቼ ውሃ የሞላ በርሜል ውስጥ አኖርኋት። ቀኑን ሙሉ ከበርሜሏ አልራቅሁም።

ፀሐይ ስትጠልቅ አውጥተን አደረቅናት፤ የወንዱ ዘር ሳይነካው ውሃ ጠብ ካለበት ዕንቁላሉ ይበላሻል። ባለቤቴ ጅራቷን ያዘች። አውራ ጣቴን ሆዷ ላይ አሳርፌ ወደ ታች ገና ሳብ ሳደርግ፣ አረንጓዴ ቢጤ ዕንቁላል ከቁና እንደሚፈስ ጤፍ ወደ ሳፋው ወረደ። አይቆምም! ባለቤቴ «በስመ አብ» አለችና ጅራቱን ልትለቀው ነበር። ወንዱ እንደ እንስቷ ሆዱን ቢጫኑት አይሰጥም፤ አንዱን ገድዬ የዘር ከረጢቱን አወጣሁና ዕንቁላሉ ላይ ጨመቅሁት። ውሃ ጠብ አድርገን እሷ በዶሮ ላባ አማሰለችው፤ እጇ ከእኔ ይልቅ ይቀልላል። ከዚያ የትንኝ መድኃኒት ያልነካው የአጎበር መረብ ላይ በትነን ንጹህ ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ አጠለቅነው።

ረቡዕ ጠዋት ደቦው ዶማውን ተሸክሞ መጣ። እኔ በርሜሉ ላይ ጎንበስ ብያለሁ፤ ቀና ለማለት ፈራሁ። ባለቤቴ ከጎኔ መጥታ አየች። ጥላው ባለበት ጥግ፣ ከመረቡ ሥር፣ የክር ቁራጭ የመሰሉ ጥቃቅን ነገሮች ጅራታቸውን እያርገበገቡ ተከማችተዋል። አይቆጠሩም።

«እነዚህ ናቸው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«እነሱ ናቸው።»

ቀና አለችና ለደቦው «ዶማውን አስቀምጡት። ችግኙን ወደ ላይኛው ማሳ ውሰዱት» አለች። ከሰዎቹ አንዱ «ምነው እትዬ፣ መዋኛው ሳይፈርስ ሊቀር ነው?» ቢላት «መዋኛ አትበል፤ የወላድ ቤት ነው» አለችው።

ኩሬው ዛሬም በቦታው አለ። እንግዲህ እኔ ያደረግሁትን ልዘርዝር፦

አምባዛን ያለ ጎርፍ አስወልጃለሁ።
ጫጩቶቹን በተቀቀለ የዕንቁላል አስኳል አሳድጌአለሁ፤ ሁሉም ባይደርሱም ኩሬውን የሞሉት እነሱ ናቸው።
ላንቃ ከፍቶ ዕጢ ማውጣትን ለባለሙያዋ አሳይቻታለሁ፤ «አባባ፣ ከእኔ እጅ የእርስዎ ይፈጥናል» ብላኛለች።
ጫጩት ፍለጋ ወንዝ መውረድ ትቻለሁ፤ አሁን ሰው ነው ወደ እኔ የሚመጣው።
ሁለተኛ ኩሬ ቆፍሬአለሁ፤ በዚያው በባለቤቴ መሬት፣ ሳልለምናት።
የማኅበሩን አረቄ ተክቻለሁ።