የእትዬ ፉሚኮ ላይቺዎች

ከቤታችን በላይ ያለው ቁልቁለት የእትዬ ፉሚኮ የላይቺ እርሻ ነበር። ቀይ ልጣጭ ያለው ጣፋጭ ፍሬ የሚሰጡትን ዛፎች ከባላቸው ከዋላስ ጋር በተጋቡ ዓመት ነው የተከሉት። ልጅ አልወለዱም። ሰው ስለ ልጅ ሲጠይቃቸው በአገጫቸው ወደ ዛፎቹ እያመለከቱ፣ «እነዚያ ናቸዋ! ጫማ ግዙልን እንኳ አይሉም» ብለው ይስቁ ነበር።

እሳት ጉንዳን ወደ ከተማችን ወደ ሂሎ ከገባ በኋላ ሳቁ ቀረ። ከሰሊጥ ፍሬ የምታንስ ቀይ ነገር ናት። መሬት ላይ ብቻ ብትኖር ደግ ነበር፤ ዛፍ ላይ ትሰፍርና ቅርንጫፍ ሲነካ እንደ ካፊያ አንገት ላይ ትረግፋለች። ፍሬ ለቃሚዎቹ ሸሹ። ድመታቸው ዓይኗን ተነድፋ ታወረች።

እትዬ ፉሚኮ ከተማ ወዳለው ቤተ ሙከራ ሄደው ከተመራማሪዎቹ ጋር ጉንዳኑን ስቦ የሚገድል ማማለያ መቀመም ጀመሩ። ቶሎ የሚገድል መርዝ አይረባም፤ ሠራተኛዋ ጉንዳን ለንግሥቲቱ ሳታደርስ መንገድ ላይ ትሞትና ንግሥቲቱ በሰላም እንቁላሏን ትጥላለች። ስለዚህ መርዙን ከኦቾሎኒ ቅቤ ጋር ዝልግልግ ነገር ውስጥ ከተው፣ ግንድ ላይ ተጣብቆ መርዙን ቀስ በቀስ እንዲለቅ ማድረግ ነበረባቸው። የመጀመሪያውን ዝናብ አጠበው። ቀጣዩን ፀሐይ አደረቀው። እሳቸውም በሞከሩ ቁጥር አንገታቸው አብጦ ይመለሳሉ።

«ይሄ ንፍጥ የመሰለ ነገር ነው ጉንዳን የሚያሸንፈው?» ይላሉ ዋላስ፣ ቅባት እየቀቡላቸው። «ተይው በቃ።»

«ትንሽ ታገሠኝ። የአሁኑ ይይዛል።»

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ፉሚኮ አዲሱን ድብልቅ ይዘው ሲመለሱ ቁልቁለቱ ባዶ ነበር። የሞተር መጋዙን ድምፅ ሰምቼ እኔም ደርሼ ነበር። ዛፎቹ በሙሉ ተጋድመዋል፤ ዋላስ መጋዙን ይዘው መሀላቸው ቆመዋል።

«ምን አደረግህ?»

«አንገትሽን ማየት አቃተኝ፣ ፉሚ። አቃተኝ።»

እትዬ ፉሚኮ ከተጋደሙት ግንዶች አንዱ ላይ ተቀመጡ። ጉንዳኑ እየነደፋቸው እንኳ አልተነሡም፤ ዋላስ እያለቀሱ ደግፈው አነሷቸው።

ያ ድብልቅ ያዘ። እኛ ጓሮ አቮካዶው ላይ ቀቡት፤ ዝናብም አላጠበው፣ ፀሐይም አላደረቀው። ከወራት በኋላ ቅርንጫፉን ብንነቀንቅ አንዲትም ጉንዳን አልወረደችብን። ሰፈሩ ሁሉ ይጠራቸው ጀመር። እሳቸው የሰው ዛፍ ላይ ይወጣሉ፣ ዋላስ መሰላሉን ይይዛሉ። አይነጋገሩም።

አንድ ቀን እኛ ቤት ምሳ ስንበላ ዋላስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንደገና ብንተክልስ?»

«እስኪያፈራ ማን ሊቆይ፣ ፍሬውን ማን ሊበላው?» አሉ እትዬ ፉሚኮ ቀስ ብለው። ሩዛቸውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ወጡ።

ዋላስ የሚስታቸውን ሳህን ወደ ራሳቸው ሳቡ፤ እንዳይቀዘቅዝ በሌላ ሳህን ከደኑትና በሩን እያዩ ቁጭ አሉ።