«ልዩነቷ ትንሽ ናት» አልኩት

ይህ የደረሰብኝ ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሚኒሶታ ውስጥ ብርዱ በጠናበት ወር ነው። እስከ ዛሬ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የተናገርኩት። የማልረሳው ደግሞ ሰው ስለሞተ ብቻ አይደለም፤ ከመሞቱ በፊት እኔን አምኖ ስለጠየቀኝ ነው።

አገር ቤት ሳለሁ ደሴ ከተማ አሥራ አንድ ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬአለሁ። አሁን ሻኮፒ በሚባል ከተማ ባለ ዌርሃውስ፣ ትልቅ መጋዘን ውስጥ፣ ዕቃ የሚያነሣ ፎርክሊፍት እነዳለሁ። ጀማል የሥራ ባልደረባዬ ነበር። የሐረርጌ ሰው ነው፤ በዕድሜ ትንሽ ይበልጠኛል። ሁለታችንም ኩን ራፒድስ በሚባል ሌላ ከተማ ስለምንኖር ጠዋት ጠዋት በእኔ መኪና አብረን እንሄድ ነበር። በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤ «ቲቸር» ነበር የሚለኝ።

ጀማል ከእኛ ጋር ሺፍቱን ሲጨርስ ሁለተኛ ሥራ ነበረው፤ ቢሮ ያጸዳል። እንቅልፍ አይጠግብም። በወጣትነቱ ጫት ይቅም እንደነበርና እዚህ ከመጣ በኋላ እንደተወው አጫውቶኛል። «እዚህ በድብቅ የሚሸጡት የደረቀውን ነው። ጭድ እንደ ማኘክ ነው» ይል ነበር።

አንድ ቀን በምሳ ብሬክ ላይ ከኪሱ ትንሽ ብልጭልጭ ከረጢት አወጣ። ውስጡ ነጭ ዱቄት ያለባቸው እንክብሎች ናቸው። አንድ የሥራ ጓደኛችን «ከጫት የተሠራ ነው፤ እንቅልፍህን ያጠፋልሃል» ብሎ ሰጥቶታል። ከረጢቱ ላይ የሞለኪውል ሥዕል ታትሟል።

«ቲቸር፣ ይሄ ያንተ ትምህርት ነው። እስቲ እየው» አለኝ።

እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። አሜሪካ ከገባሁ ጀምሮ ስለ ኬሚስትሪ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ስልኬን አወጣሁና ጫት ውስጥ የሚገኘውን ካቲኖን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሥዕል ፈልጌ ከከረጢቱ ጎን አስቀመጥኩት። ባለ ስድስት ማዕዘኑ ቀለበት ያው ነው። አጠገቡ ያለው ኦክስጅንም ያው ነው። ከረጢቱ ላይ ባለው ግን የካርቦኑ ጭራ ረዘም ብሏል፤ ናይትሮጅኑም በአንዲት ትንሽ ቀለበት ውስጥ ገብቷል።

ጠረጴዛው ላይ በጣቴ እየሣልኩ፣ ልክ ክፍል ውስጥ እንዳለሁ አድርጌ አስረዳሁት። «ዘመዳሞች ናቸው» አልኩት። «ልዩነቷ ትንሽ ናት።»

«ታዲያ ጫት ነዋ።»

«እንደዚያ ማለት ይቻላል።»

ውሰደው አላልኩትም። አትውሰደውም አላልኩትም። ብሬካችን አለቀና ወደ ሥራችን ተመለስን።

የሚገርመው፣ ደሴ እያለሁ ስለ አልኮል ባስተማርኩ ቁጥር ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ነገር ነበር። አረቄ ውስጥ ያለው አልኮል ሁለት ካርቦን አለው። አንዷን ካርቦን ካነሣችሁለት ዓይን የሚያጠፋ መርዝ ይሆናል፤ ስለዚህ በሥዕሉ መመሳሰል አትታለሉ እላቸው ነበር። ያን ቀን ይህ ለአንድ አፍታ እንኳ ትዝ አላለኝም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት እንደ ወትሮው ከቤቱ ደጅ ወሰድኩት። ሃይዌይ ላይ ጥቂት እንደሄድን መስኮቱን እስከ ታች ከፈተው። ውጪው ከዜሮ በታች ነው፤ ነፋሱ ፊቴን ቆረጠው።

«ምን ሆነሃል? ዝጋው እንጂ» አልኩት።

«ሞቀኝ።»

ጃኬቱን አወለቀ፤ ቀጥሎ ሹራቡን። አንገቱ ላይ ላብ ይወርዳል። ጥርሱን ያፋጫል።

«ያን ነገር ወሰድክ እንዴ?»

«አንድ ወሰድኩ። ምንም አልል ሲለኝ አንድ ጨመርኩ። ቲቸር፣ ከኋላችን ያለው መኪና ማን ነው?»

ከኋላችን መኪና አልነበረም። ከዚያ በኋላ አማርኛውን ተወና በኦሮምኛ ብቻ መናገር ጀመረ። ቋንቋውን ብዙም አላውቅም፤ «አዮ፣ አዮ» ሲል ግን እናቱን እየጠራ እንደሆነ ገባኝ።

መጀመሪያ ያገኘሁት ጋዝ ስቴሽን፣ ነዳጅ ማደያ ገብቼ አምቡላንስ ጠራሁ። ስልኩን ሳልዘጋ ጀማል ከመኪና ወረደና ፓርኪንጉ ዳር የተቆለለው በረዶ ላይ በደረቱ ተኛ። በካናቴራ ብቻ ነው። ላነሣው ክንዱን ስይዘው እጄን አቃጠለኝ። በረዶው ከሥሩ ይቀልጥ ነበር።

ሆስፒታል እንደደረስን ከጃኬቱ ኪስ ያወጣሁትን ከረጢት ለሆስፒታሉ ፋርማሲስት ሰጠኋት። ሥዕሉን አይታ በእርጋታ አስረዳችኝ። የቅጠሉ ንጥረ ነገር ቀስ እያለ ነው ወደ አንጎል የሚገባው፤ ሰውነትም ቶሎ ይሰብረዋል። ያቺ ቀለበትና ያ ጭራ ሲጨመሩ ግን በስብ ውስጥ በቀላሉ ያልፋል፤ አንጎል ደርሶም የሚያነቃቃው ኬሚካል ወደ ነርቩ የሚመለስበትን በር ይዘጋል፤ ኬሚካሉም እዚያው ይከማቻል። ሰውነት ይግላል፤ ልብም መቋቋም ያቅተዋል።

«ጫት መስሎት ነው የወሰደው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኩ።

ማን እንዳለው አልጠየቀችኝም። እኔም አልነገርኳትም።

ባለቤቱ ዘይቱና ስትደርስ እንግሊዝኛ ስለማይሆንላት የማስተረጉምላት እኔ ሆንኩ። ፋርማሲስቷ ያለችውን ሁሉ ትቼ «መርዝ ነው ይላሉ» ብቻ አልኳት። ጀማል በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ልቡ ቆመ። ሐኪሞቹ ሊመልሱት አልቻሉም።

ቀበርነው። ከወር በላይ ዝም አልኩ። ሥራ ቦታ ሰዉ «ምስኪን፣ ማን አሳሳተው?» እያለ ሲያወራ ተነሥቼ እወጣ ነበር። በመጨረሻ አንድ እሑድ ዘይቱና ቤት ሄድኩ።

«የምነግርሽ ነገር አለ። ያን መድኃኒት…» ብዬ ጀመርኩ።

«አውቃለሁ» አለች፤ ሳልጨርስ። «ከመዋጡ በፊት አሳይቶኛል። ጣለው አልኩት። ‹ቲቸር አይቶታል› አለኝ። ከዚያ እኔም ዝም አልኩ።»

በረጋ ድምፅ ነው የተናገረችው። እንደ ፈራሁት አልጮኸችብኝም፤ አላለቀሰችምም።

«ሆስፒታል እያለን ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ ለምን አልነገርከኝም?» አለች።

 

አሁን አልፎ አልፎ ቤቷ እሄዳለሁ፤ መኪናዋ ሲበላሽ አስጠግናለሁ፤ ከመንግሥት የሚመጣላትን ደብዳቤ አነብላታለሁ። ይቅር ብላኝ እንደሆነ ጠይቄአት አላውቅም። ስለዚያ መድኃኒት አሁን ብዙ አንብቤአለሁ፤ የተማርኩት ነገር ሁሉ ግን ለጀማል አልደረሰለትም። ያን ቀን በምሳ ሰዓት የሚያስፈልገው አንድ ቃል ብቻ ነበር። «አላውቅም» ማለት። እሷን ለማለት አፈርኩ።