እንግዳ የመጣ ቀን

ሰውዬው ቅዳሜ ቅዳሜ አበሾች ወደሚበዙበት ሰፈር፣ ወደ ቪከሪ ሜዶ ሲመጣ ክራባቱን አውልቆ ኪሱ ይከታል፤ ጫፏ ግን ሁልጊዜ እንደ ምላስ ወጥታ ትታያለች። የከተማው ምክር ቤት አባል ነው ቢሏችሁ አታምኑም። በር ላይ ጫማ ማውለቅ ከአበሾቹ ተምሯል፤ ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። ያረጀውን አፓርትመንት ለማሳደስ ስንት ደጅ ጠንቶ፣ በመጨረሻ የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች ጉዳቱን በዓይናቸው ሊያዩ ተስማሙለት። "ሁሉንም አሳዩዋቸው፣ ምንም አትደብቁ" እያለ ቤት ለቤት ለምኗል።

ከተከራዮቹ አንዷ ዓለምጌጥ ግን እንግዳ ሊመጣባት ነው። እንዴት ብላ ሻጋታ ታሳይ? ግድግዳውን ፈግፍጋ፣ የባሰበትን በአዲስ መጋረጃ ጋርዳ፣ ጣራው የሚያፈስበትን ባልዲ ደብቃ ጠበቀቻቸው። ጎረቤቶቿም እንደዚያው። "ቤቱ እንዴት ነው?" ሲሏት "ቬሪ ጉድ፣ ተመስገን" አለች። ሰዎቹም አመስግነው፣ እድሳቱ ለባሰበት ሰፈር ይሁን ብለው ሄዱ።

እሱ ብቻ ቀረ። መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ አየና መልሶ አስተካከለው።

"አበላሸሁብዎት እንዴ?" አለችው በዚያችው በተሰባበረች እንግሊዝኛዋ።

"እናቴም አከራዩ ሲመጣ እንዲህ ታደርግ ነበር" አላት ቀስ ብሎ። "ጣራው እስከተናደባት ቀን ድረስ።"

ዓለምጌጥ ምግብ አቀረበችለት፤ ምንም ሳያስተርፍ በላ። ከዚያ እጁን ሊታጠብ ተነሣ፤ ታጥቦ ከጨረሰም በኋላ ቧንቧውን ሳይዘጋ፣ ጀርባውን እንደሰጣት፣ እርጥብ እጁን ዓይኑ ላይ አድርጎ ቆሞ ቀረ።