መብራት ከጠፋ በኋላ ያነሳሁት አንድ ፎቶ

ሰንበት እንደወጣች እጄ የሮጠው ወደ ካሜራው ነው። ቀኑን ሙሉ እህቴ ቤት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሲያየኝ ዋለ። በሰንበት መክፈት አይቻልም።

ታላቅ እህቴ እንደ አገር ቤት አይሁድ ልማድ ዓርብ ሰንበት ሳትገባ የቤቱን መብራት ሁሉ ታጠፋለች። ነገ ግን ዶራ ሰፈር ያለውን ቤቷን ለቃ ዐጋሚም ሰፈር ልጇ ዘንድ ትገባለች። እዚያ መብራቱን የሚያበራውም የሚያጠፋውም አስቀድሞ የሚሞላ የሰንበት ሰዓት ነው። በጨለማ የተቀመጠችበት የመጨረሻው ሰንበት ይህ ነበር።

ትናንት መብራቱን ስታጠፋ የቀረኝ ከመስኮት የሚገባው የምሽት ብርሃን ብቻ ነበር። ፍላሽ አልፈልግም። የፉል ፍሬም ሚረርለስ ካሜራዬን አይኤስኦ፣ ማለትም ብርሃን የመሳብ አቅሙን፣ ሰቀልኩ፤ ብርሃን የሚያስገባውን ሹተር አዘገየሁ። ካሜራው ነጭ ነጠላዋን እያየ ፊቷን አጠቆረብኝ። እሱን ሳስተካክል ሰንበት ልትገባ የቀረው ደቂቃ ሊያልቅ ሆነ።

«አንተ ልጅ፣ ሰንበት ደረሰች እኮ። አስቀምጠው ይሄን።»

«እትዬ፣ አንዴ ብቻ አትንቀሳቀሺ።»

«ድንጋይ ነኝ እንዴ?»

(ልጅ የተባለው ጡረታ የወጣ መምህር ነው።)

አንዴ ተጫንኩና አጠፋሁት። ይደብዝዝ ይጥራ ሳላውቅ አደርኩ፣ ዋልኩ። ጸሎት ላይም ዓይኔ መደርደሪያው ላይ ነበር።

አሁን ከፈትኩት። አሸዋ የተነሰነሰበት ቢመስልም ፊቷ ጥርት ብሏል። ቀኝ እጇ ግን ጭስ ሆኗል።

«እጄን ምን በላው?» አለች።

«‹ድንጋይ ነኝ እንዴ?› ስትይኝ ተንቀሳቅሶ ነው።»

ካሜራውን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። «ቤቱ ደኅና ጨልሟል። ለልጅ ልጆቼ አሳያቸው።»

ፎቶውን በኮምፒውተር ላበራው አስቤ ነበር፤ ተውኩት።

እናንተስ ቤት ዓርብ መብራት የሚያጠፋ ሽማግሌ አለ? ፎቶውን እንዴት አነሳችሁት?