በቬሊሌ በረት ያለችው ቦቃ

ቬሊሌ ጧት ተነስቶ አዲሱን ሸሚዙን ሲለብስ ሚስቱ ማጆላ «ዛሬ ደግሞ ማንን ልታገባብኝ ነው?» ብላ ሳቀችበት። እሱ ግን አልሳቀም። በማዕድን ጉድጓድ አብረውት የሠሩ ጓደኞቹ ሊመጡ ነው። ስንት ዘመን ሙሉ «አንድ ቀን ኑና አገሬን እዩ» ሲላቸው ኖሮ ዛሬ እውነትም መንገድ ላይ ናቸው።

የቬሊሌ አገር በሆነው በፖንዶ ባሕር ዳርቻ መኸር የሚገባው በሚያዝያ ነው። ዝናቡ ያባራል፣ በቆሎው ጎተራ ይገባል፣ የኮረብታው ሣር ይቀላል፣ ባሕሩም ድፍርሱ ወርዶ ታች ያለውን ዓለት ያሳያል። ቬሊሌ በማዕድኑ ካምፕ አልጋው ላይ ተጋድሞ ሲያወራ የኖረው ይህንኑ ነበር፤ ባሕሩን፣ ሣሩንና ከብቶቹን። በተለይ ከብቶቹን። እነሱን ሲያነሳ አፉ ማር ይሆናል። የጆሯቸውን ምልክት ሳይቀር ይተርክ ነበር፦ «የእኔ ከብቶች ግራ ጆሯቸው ከጫፉ የተቆረጠ ነው። ሺህ ከብት መሐል ብትጨምራቸው አላጣቸውም።»

ያኔ ውሸት አልነበረም፤ ያኔ ከብት ነበረው። በኋላ የማዕድን ድርጅቱ ሠራተኛ ሲቀንስ ቬሊሌም ተቀነሰ። አገሩ ገብቶ «እንግዲህ ነጋዴ ነኝ» ብሎ ሱቅ ከፈተ። ሱቁ ከብቶቹን አንድ በአንድ በልቶ ሲያበቃ ራሱም ተዘጋ። አሁን በረቱ ውስጥ የሚያድሩት የጎረቤቱ የማቤሌ ከብቶች ናቸው። ማቤሌ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው ከተማ የቀሩባቸው አሮጊት ናቸው፤ የሚጠብቅላቸው ቢያጡ ከብቶቻቸውን ለቬሊሌ በርቢ ሰጡት። በርቢ ማለት ላሟ የሰው፣ ወተቱ የጠባቂው ነው። በዚያ አገር ይህ ነውር አይደለም፤ ግማሹ ሰው ያደገው በሰው ላም ወተት ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይባላል። የቬሊሌ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ወተቱንስ በየቀኑ ያየዋል፣ የሌለችው ላሟ ናት።

ሁለቱ እንግዶች አርብ ቀትር ላይ ከሚኒባስ ወረዱ። አንደኛው ሞሌፊ ነው፤ የሌሶቶ ተራራ ሰው፣ ረጅም፣ ቁጥብ፣ በሙቀትም ቢሆን ብርድ ልብሱን ከትከሻው የማያወርድ። ሁለተኛው ማቡንዳ ነው፤ ከሞዛምቢክ ድንበር የመጣ፣ ቦርጫምና ተጫዋች፣ ስለ ከብት ምኑንም የማያውቅ ሰው።

«አንተ ቬሊሌ! ሸበትክ እኮ!» አለ ማቡንዳ እያቀፈው።

«አንተ ደግሞ ፀጉር የታለህና ትሸብታለህ?»

ተሳሳቁ፣ ተቃቀፉ። ሞሌፊ ግን እጁን በሁለት እጁ ያዘው። በእነዚህ ሁለት ሰዎች መካከል ያለው ነገር ከጨዋታ ያለፈ ነው። ድሮ የጉድጓዱ ጣሪያ ተንዶ ቬሊሌ ከሥሩ ሲቀር፣ ሌላው ሁሉ ሲሮጥ፣ ድንጋዩን በእጁ እየፈነቀለ ያወጣው ሞሌፊ ነው። ቬሊሌም ሆስፒታል ተኝቶ «በረቴ ውስጥ አንዲት ቦቃ ላም አለች፤ ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ናት» ብሎት ነበር። ሞሌፊ «መጀመሪያ ተነስና ቁም» ብሎ ስቆ አለፈው። ያቺ ቦቃ ከሱቁ ጋር ከሄደች ቆይታለች።

ማታ ከብቶቹ ሲገቡ እንግዶቹ በር ላይ ተቀምጠው ወተት እየጠጡ ነበር።

«አቤት! እነዚህ ሁሉ ያንተ ናቸው?» አለ ማቡንዳ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነበር። አንዲት ቃል ብቻ፣ «የጎረቤቴ ናቸው» ማለት። ቬሊሌ ግን የካምፑ ወሬው ሁሉ ታወሰውና «ታዲያ የማን ሊሆኑ ነው?» አለ። ከኋላው ማጆላ ድስቱን ከምድጃው ላይ ጓ አድርጋ አስቀመጠችው። ቬሊሌ ራሱን አጽናና፤ ጠየቅኩ እንጂ መቼ ዋሸሁ ብሎ። ሰው ራሱን ሲያታልል ጠበቃ አያጣም።

ቅዳሜ አገሩን ሊያሳያቸው ወጡ። ሞሌፊ ባሕር አይቶ አያውቅም። ከኮረብታው ጫፍ ሲደርሱ ቆመና ብርድ ልብሱን ጠበቅ አደረገ። ከዚያ ወረደና ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙስ ከኮሮጆው አውጥቶ የባሕሩን ውኃ መቅዳት ጀመረ።

«እዩልኝ ይሄን ሰውዬ!» አለ ማቡንዳ። «ከሌሶቶ ድረስ መጥቶ ጨው ቀድቶ ሊሄድ!»

«ለሚስቴ ጉልበት ነው። ትታጠብበታለች።»

«ለጉልበቷ ከሆነ አንተን ትተውህ፤ ሕመሟ አንተ ነህ።»

ወንዙ ባሕር የሚገባበትን እስከ ወገባቸው ተሻገሩ። ቬሊሌ ሥጋው የሚበላውን ጥቁር ዛጎል ከዓለት እየፈለቀቀ ጥሬውን አስቀመሳቸው፤ ማቡንዳ ተፋው። ዓሣ የሚበዛበትን ጥልቁን፣ ድሮ መርከብ የተሰበረበትን ድንጋይ፣ እሱ በልጅነቱ ከማዕበል የወጣበትን ዋሻ አሳያቸው። ከድርጅቱ ከወጣ ወዲህ እንዲህ ደረቱ ተነፍቶ አያውቅም።

ከዚያ አሸዋው ላይ ደረሱ። የዚያ አገር ከብት ቀትር ላይ ዝንብ ሽሽት ባሕር ዳር ወርዶ ነፋስ ፊት ይተኛል። የማቤሌም ከብቶች ተኝተው ያመሰኩ ነበር። ከመሐላቸው አንዲት ቀይ፣ ግንባሯ ነጭ የሆነ ላም ነበረች።

«ሞሌፊ! ያቺ ሆስፒታል የተሰጠችህ ቦቃ ይቺ ትሆን እንዴ?» አለ ማቡንዳ። ቀጠለና ቬሊሌን ጎሸም አደረገው፦ «የሆስፒታል ስጦታማ ትኩሳት ሲወርድ አብሮ ይወርዳል።»

«አይወርድም!» አለ ቬሊሌ። ምላሱ ቀደመው። «የመጀመሪያዋ አርጅታለች፤ ይቺ ልጇ ናት። ያንተ ናት ሞሌፊ። ውሰዳት።»

ሞሌፊ ባርኔጣውን አወለቀ። ወደ ላሟ ሄደ፣ ቁጢጥ ብሎ በአገሩ ቋንቋ አወደሳት፣ ግንባሯን ዳሰሰ፣ ግራ ጆሮዋን በመዳፉ ያዘ። ጆሮው ከጫፉ አልተቆረጠም፤ መሐሉ ላይ ነው የተሰነጠቀው። ለጥቂት ጊዜ እንደያዘው ቆየና ለቀቀው።

«አመሰግናለሁ፣ ወንድሜ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ቬሊሌ የጓደኛው ልብ ተነክቶ ነው ብሎ አሰበ። ለእሱ ግን ከስንት ከብት መርጦ የሰጠው የትኛዋን እንደሆነ የገባው አሁን ነው። ቦቃዋ የማቤሌ አባት ልጃቸውን ሲድሩ ከቤታቸው አስከትለው የሰደዷት ላም ዘር ናት። ማቤሌ የጭራዋን ነጭ ፀጉር ገምደው አንገታቸው ላይ አስረውታል። ሲታመሙ የሚሄዱት ወደ እሷ ነው፣ ሲያዝኑም ወደ እሷ። እንዲህ ያለች ላም አትሸጥም፣ አትታረድም፣ ለሰው አትሰጥም። ይህን የማያውቅ የፖንዶ ሰው የለም፤ ቬሊሌም ከሁሉ አብልጦ ያውቃል፤ በየቀኑ የሚያልባት እሱ ነውና።

ማቡንዳ ቤት እንደደረሱ «ማጆላ፣ እልል በይ! ጓደኛችን ቦቃ ላም አገኘ!» አለ። ማጆላ እልል አላለችም። ባሏን ከጎተራው ጀርባ ጎትታ ወሰደችው።

«የሲሳንዳ አባት፣ አብደሃል?» አለችው በልጃቸው ስም ጠርታ።

«አምልጦኝ ነው።»

«ዓሣ ነው የሚያመልጥ! ያሮጊቷን የአንገት ላም ለባዕድ? ነገ መኪና ተከራይቶ ቢጭናትስ?»

«እናገራለሁ። ነገ ጧት እናገራለሁ።»

«ለማን? ለእሳቸው ነው ለእሱ?»

ቬሊሌ ለማቤሌ ቢናገር ከብቶቹን ያጣል፤ ለሞሌፊ ቢናገር ነፍሱን ካተረፈለት ሰው ፊት ውሸታም ይሆናል። ከሁለቱ የሚከብደው ሁለተኛው ነበር፤ ማፈሩም በዚህ ነው፤ ለአሮጊቷ ሳይሆን ለስሙ መፍራቱ።

እሁድ ጧት እስከ ማቤሌ አጥር ድረስ ሄደ። ማቤሌ ደጃቸውን ይጠርጉ ነበር።

«ልጄ፣ እንግዶችህ ደኅና አደሩ? ወተቱ በቃቸው?» አሉት። «ካልበቃ ዛሬ ጥጆቹን አታጥባ፤ እንግዳ ይብሳል።»

«በቅቷቸዋል፣ ማማ» አለና ተመለሰ። አጥሩን እንኳ አላለፈም። በመንገዱ ሁሉ እንደ ተሰረቀ ዶሮ አንገቱን ቀብሮ ሄደ።

ማጆላ ግን ከባሏ ልብ ቀድማ ነበር። ማቤሌን ምሳ ጠርታቸዋለች። አሮጊቷ የቀቀሉትን ዛጎል በሳህን ይዘው፣ ንጹሕ ሻሻቸውን አስረው መጡ። የበቆሎና የባቄላ ንፍሮ፣ ስኳር ድንችና በቅል የረጋ እርጎ ቀረበ። ማቤሌ ምንጣፉ ላይ ሲቀመጡ በአንገታቸው ያለው የነጭ ፀጉር ገመድ ከሻርፓቸው ሥር ወጣ። ሞሌፊ አየው። ቬሊሌም ማየቱን አየ።

ሞሌፊ እጁን ጠራርጎ ወደ አሮጊቷ ዞረ።

«እናቴ፣ ትናንት ወንድሜ አንዲት ቦቃ ሰጠኝ። የእኔ አገር ግን ተራራ ነው፤ ክረምቱ በረዶ ነው፤ የባሕር ላም አይችለውም። እዚሁ በርቢ ላስቀምጣት አስቤያለሁ። ጠባቂዋ እርስዎ ይሁኑልኝ። ወተቷን ይጠጡ፤ የምትወልደውም የእርስዎ ይሁን። እኔም ልጆቼም አንጠይቅዎትም።»

ማቤሌ ሞሌፊን አዩ፣ አንገታቸውን ዳሰሱ፣ ከዚያ ቬሊሌን አዩት። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለው ነበር። ከዚያ እነዚያ አርጅተው የሚንቋቁ ጉልበቶቻቸውን አጥፈው ተንበረከኩ፤ ሁለት መዳፋቸውን ገጥመው ዘረጉ። በዚያ አገር ሰው ሲመሰገን በአባቶቹ ስም እየተጠራ ነው።

«ሞኮኤና!» አሉ፣ አዞ ምልክቱ የሆነውን የሞሌፊን ጎሳ ጠርተው። «የአዞው ልጅ! ላም ሰጠኸኝ።»

«ጎበዝ! እንዲህ ነው ወንድ!» ብሎ ማቡንዳ አጨበጨበ። ብቻውን ነው ያጨበጨበው። ማጆላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች።

ለቬሊሌ አሁን ሁሉ ነገር ተገለጠለት። ሞሌፊ የላሟን ጆሮ ከያዘበት ከትናንት ጀምሮ ያውቃል፤ የማን እንደሆነች ደግሞ ከገመዱ አወቀ። ስሙን ሊያድንለት ነው ይህን ያበጀው፤ ዝም ካለ ማንም ምንም አይለውም። ላሟ ወደ ባለቤቷ ተመልሳለች፣ ከብቶቹ በረቱ ውስጥ ይቀራሉ፣ ማቡንዳም የቬሊሌን ቸርነት ሲያወራ ይኖራል። ዝምታ ብቻ ነው የተጠየቀው። ግን አሮጊቷ በገዛ ላማቸው ተንበርክከው ያመሰግናሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ፤ መሬት ግን አንድ ጊዜ ውጣው ስለተፋችው ዳግመኛ አልፈለገችውም።

ተነሳና ማቤሌን በክንዳቸው ያዘ።

«ማማ፣ ይነሱ» አለ። «ላሟ የእርስዎ ናት። እኔ ላም የለኝም።»

«የትኛዋ ላም?» አለ ማቡንዳ።

«ሁሉም። አንድም የእኔ የለም።»

«ቆይ፣ ቆይ። ከአርብ ጀምሮ የምንጠጣው ወተትስ?»

«የእሳቸው ነው።»

ማቡንዳ የያዘውን ኩባያ ወደ ውስጡ አየና ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠው። በየማለዳው ቬሊሌን ሲመርቅ ነበር። አሁን ግን ያ ሁሉ ጨዋታው ጠፍቶ ወደ አሮጊቷ ዞረ፤ በአገሩ ልማድ እጁን ገጥሞ በቀስታ እያጨበጨበ አመሰገነ። ሞሌፊ ባርኔጣውን ከጉልበቱ ላይ አንስቶ ቆመና በማቤሌ ጎሳ ስም «ቤሌ! ስንጠጣ ሰንብተን ሳናመሰግንዎት» አለ። ማጆላም ከግድግዳው ዞራ ተንበረከከችና የማቤሌን አባቶች ስም በሙሉ ሳታቋርጥ ጠራች። አንዱም ወደ ቬሊሌ አላየም።

ማቤሌ ግን ያዩት ነበር፤ ይጠብቁታል።

ቬሊሌ ተንበረከከ። ይህን ወተት ሲጠጣ ዓመታት አልፈዋል፤ በእሱ ጠጥቷል፣ ልጁን አሳድጎበታል፣ እንግዳ ተቀብሎበታል። ከመቼ ጀምሮ የራሱ እንደመሰለው አያውቅም፤ አንድም ቀን ግን አመስግኖ እንደማያውቅ አሁን አወቀው። መዳፉን ገጠመ።

«ቤሌ!» አለ። «ኩቦኒ!»

ሦስተኛው የአባቶቻቸው ስም ጠፋው። ማጆላ ልትጠቁመው አፏን ስትከፍት ማቤሌ በእጃቸው ዝም አሰኟት። ላቡ በአዲሱ ሸሚዝ ላይ ተንጠባጠበ።

«ዱንጃኔ» አሉት አሮጊቷ በመጨረሻ፣ ፊደል እንደሚያስቆጥሩ ቀስ ብለው።

«ዱንጃኔ» አለ ቬሊሌ።

«እንደገና» አሉት ማቤሌ። «ከመጀመሪያው።»

ቬሊሌም በጓደኞቹ ፊት ከመጀመሪያው ጀመረ።