የበርኖሱ ብል

መሐል ሜዳ ከተማ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ በራችን ላይ ካለው አምፖል ሥር፣ ግድግዳው ላይ ያደረውን የእሳት እራት ፎቶ አነሳለሁ። ጎረቤቶቻችን ለትዳር የደረሰ ሰው ግድግዳ ፎቶ ሲያነሳ እያዩ ለእናቴ ያዝኑላታል።

ፎቶውን የእሳት እራት ዝርያ ለሚለዩ አጥኚዎች በስልኬ እልካለሁ። ክንፉን፣ ነጠብጣቡን፣ ቀንዱን ያዩና አብዛኛውን ጊዜ «ከፎቶ አይለይም» ይሉኛል። ለምጄዋለሁ።

ክረምቱ ሲወጣ እናቴ ጠራችኝ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ከተሰቀለበት ባልወረደው በርኖሱ ላይ አንዲት ትንሽ የእሳት እራት አግኝታለች። ብል ከሆነች በርኖሱ መራገፍ፣ ፀሐይ ላይ መሰጣት፣ መድኃኒት መረጨት አለበት፤ ያኔ የአባቴ ጠረን ይሄዳል። ካልሆነች ማንም አይነካውም። እናቴ ፍርዱን ለእኔ ተወችው።

ሳያት ክንፏ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ወዲያ ያሳያል።

«ምን አደረግሻት?»

«ፎቶ ልትነሳ አይደል እንዴ? በነጠላዬ ጫፍ አቧራዋን ጠረግሁላት።»

ያ አቧራ የምትለይበት ቀለሟ ነበር። ግን ምን እላለሁ፤ እኛ ቤት ሳይታጠብና ሳይበጠር ፎቶ የተነሳ ሰው የለም። የሆነው ይሁን ብዬ ላክሁ። «ክንፏ ተራቁቷል፤ ሌላ ካለ ይላክ» አሉ።

ትንሽ ሰንብታ ሌላ አገኘች። ብርጭቆ ደፍታባት ጠበቀችኝ።

«እንደ ቆሸሸች ናት፤ በኋላ ሰው ፊት እንዳታሳፍረን» አለችኝ።

መልሱ ወዲያው መጣ። ወርቅማ ክንፍ፣ ቀላ ያለ የራስ ፀጉር፤ ሱፍ የሚበላው ብል ነው። ያን ቀን እንኳ «አይለይም» ቢሉኝ ምን ነበረበት? መንገሩ አስጠላኝ፤ ግን ነገርኳት።



«የሚለበስ ልብስ ብል አይደፍረውም» አለችና በርኖሱን አውርዳ ትከሻዬ ላይ ጣለችው።

መድኃኒት ቀረ፣ ፀሐይም ቀረ። ለብሼው አስተማርሁ፤ ገበያ ወጣሁበት፣ ለቅሶ ደረስሁበት። ይከብዳል፤ ዝናብ ሲነካው በግ ይሸታል። ተማሪዎቼ ያረጀሁ መስሏቸው ማክበር ጀመሩ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እናቴ መንገድ ላይ አቆመችኝና የበርኖሱን አንገት አሸተተች። ደግማ አሸተተች።

«አንተን አንተን ይላል» አለች።

በርኖሱ እስከ ዛሬ አንድም ቀዳዳ የለውም።