ለመሐንዲሱ ያልደረሰ ቃል

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ በምንኖርበት በባዕድ አገር፣ የአበሻ ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት በፌርፋክስ ጎዳና ላይ ወዳለ አንድ ምግብ ቤት፣ ለስብሰባ ይዛኝ ሄደች። ከከተማው መሥሪያ ቤት የመጡ ሁለት ሰዎች፣ ባለ ምግብ ቤቶች፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችና ተማሪዎች ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው ጎልማሳ፣ ከሕንፃዎቹ ጀርባ ያለውን መተላለፊያ ዘግቶ የሙዚቃና የገበያ አደባባይ ማድረግ እንደታሰበ አስረዳ። «ሶ፣ ባህላችን ሰፈሩን ያሳድጋል። ከተማው ሳፖርት ያደርገናል፤ ከእኛ የሚጠበቀው አንድ መሆን ብቻ ነው» አለ። ሁሉም አጨበጨበ። እኔ እጄ አልታዘዝ አለኝ። እንዲህ በአንድነት ሲጨበጨብ የሰማሁት የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ ነው።

የተወለድኩባትን ትንሽ ከተማ ከገበያው የሚለያት ወንዝ አለ። ክረምት ሲገባ ጤፉም ቅቤውም በዚህ ማዶ ይቀራል፤ ምጥ የያዛት ሴትም እንዲሁ። አንድ ዓመት በጥቅምት መንገድ መሥሪያ ቤት ለድልድይ መሥሪያ መሐንዲስና ሲሚንቶ ላከልን፤ ነጋዴው እንጨት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ድንጋይ ሰጠ፤ ገበሬው በደቦ ወጣ። ቀን ሙሉ እያዜሙ ድንጋይ ይቀባበላሉ፤ ሴቶቹ ንፍሮና ጠላ ያቀርባሉ። የእርጥብ አፈርና የጌሾ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ የሚያምር ሥራ አይቼ አላውቅም። አራተኛ ክፍል ደርሼ ስለነበር የሠራተኛውን ስም ለመሐንዲሱ የምጽፈው እኔ ነበርኩ።

ስሟ የማይጻፍ አንዲት ሴት ነበረች፤ ዘርፌ፣ ሸክላ ሠሪዋ። በድስቷ እንቀቅላለን፣ በእንስራዋ እንጠጣለን፤ ከእሷ ጋር ግን አንበላም። ቡዳ ናት ይባላል፤ ደቦም አትጠራም። እትዬ የሚላት አልነበረም። እኔ አሁን እላታለሁ።

እትዬ ዘርፌ አንድ ቀን ወንዝ ዳር ጠብቃ አስቆመችኝ። እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ነበር።

«ድልድዩን ሊተክሉ ያሰቡበት አፈር እኔ ጭቃ የማወጣበት ነው» አለችኝ። «ውሃ ሲጠግብ ይንሸራተታል። ከፍ ብሎ አለት አለ፤ እዚያ ይትከሉት። አንቺ ከሰውየው ጋር ትውያለሽ፣ ንገሪልኝ።»

«ለምን ራስሽ አትነግሪውም?»

ሳቀች። «እኔ ብቀርብ ድንጋዩን ጥለው ነው የሚሸሹት። ያኔ ድልድይ የሚባል አይኖራችሁም።»

እሺ አልኳት። በማግስቱ መሐንዲሱ ሕዝቡን ሰብስቦ፣ መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት የቀረ ነገር ካለ ጠየቀ። አፌን ከፈትኩ። እናቴ ከሴቶቹ መካከል ታየኛለች። ይህን ከማን ሰማሽ ቢሉኝ ከዘርፌ ጋር መቆሜ ሊታወቅ ነው፤ ለጋብቻ የታጨሁ ልጅ ነበርኩ። አፌን መልሼ ዘጋሁ። ተጨበጨበ።

በነሐሴ፣ በገበያ ቀን፣ የድልድዩ አንድ እግር ከነአፈሩ ሄደ። ጓደኛዬ አስካለ ቅቤ ተሸክማ መሐሉ ላይ ነበረች። በሦስተኛው ቀን ከታች በኩል አገኟት።

ከቀብር መልስ ሰዉ ምክንያት ፈለገ። አንዱ፣ ዘርፌ ወንዝ ዳር ቆማ ድልድዩን ስታይ እንደነበር አነሣ። ሌላ ማስረጃ የጠየቀ የለም። ወጥተው ቤቷን አፈረሱት። አብሮ መሥራት ለምደው ነበርና ጊዜ አልፈጀባቸውም። እትዬ ዘርፌ ልጇን አዝላ ስትወጣ በደጃችን አለፈች። ቆም ብላ አየችኝ። እንድናገር ጠብቃ ይሆናል። እኔ ወደ ውስጥ ገባሁ።

ብዙ ዓመት፣ ልጅ ነበርኩ እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ስም ለመጻፍ የደረሰ ለመናገርም ደርሷል።

እናም ቅዳሜ ዕለት ሰብሳቢው «ኦኬ፣ ሌላ ሐሳብ ከሌለ እንወስን» ሲል ተነሣሁ። በዚያ መተላለፊያ በየቀኑ ዕቃ የሚያወርዱት፣ ዝናብ ሲጥል ጎርፉ የት እንደሚተኛ የሚያውቁት የጓዳ ሠራተኞች፣ የእኛዎቹም ሜክሲኮዎቹም፣ ለምን እንዳልተጠሩ ጠየቅሁ።

«እማማ፣ እነሱ እኮ ሥራ ላይ ናቸው» አለኝ በትሕትና።

«እንግዲያው ሲጨርሱ እንወስናለና» አልኩትና ቁጭ አልኩ።

ተኮሳተሩብኝ፤ ቢሆንም ውሳኔው ለሌላ ቀን ተላለፈ። መኪና ውስጥ የልጅ ልጄ፣ አሸነፍሽ አለችኝ። ምን አሸንፋለሁ። አስካለን እግዜር ይማራት፣ በሕልሜ መጥታብኝ አታውቅም። የምትመጣው እትዬ ዘርፌ ናት፤ ልጇን እንዳዘለች ቆማ ታየኛለች። ቤቷን ለማትረፍ ሦስት ቃል ይበቃ ነበር፦ እሷ ነግራኝ ነበር።